ኤክሴል ለሱቅ ሂሳብ ይሆናል ወይ? ሶስት አመት ይዤበት ያየሁት (ጥቅምት 30ን ጨምሮ)

ሰው "ለሱቄ ሂሳብ ምን ልጠቀም" ብሎ በጠየቀ ቁጥር ሁለት አይነት መልስ ነው ሚመጣው፣ ወይ "ኤክሴል እያለልህ ምን ትጨነቃለህ" ወይ ደሞ "በኤክሴል ሂሳብ ሚይዝ ሰው ጤነኛ አይደለም፣ ሶፍትዌር ግዛ"። መሀል ላይ ቆሞ ይሄ ይሄ ጥሩ ነው፣ ይሄ ግን ጉድ ይሰራሃል ሚል ሰው ብዙም አላየሁም፣ ስለዚ እኔ ልሞክር። መርካቶ የህንፃ መሳሪያ ሱቅ ውስጥ ነው ምሰራው፣ ሱቁ የአጎቴ ነው፣ ከኔ ጋር ሰባት ሰራተኛ አለ፣ የዱቤው መዝገብ፣ ደሞዙ፣ ቫቱ፣ የብድሩ ሂሳብ ሁሉ በኔ ላፕቶፕ በኩል ነው ሚያልፈው። ኦፊሺያሉን ዘግቶ ሚያስገባልን ፈቃድ ያለው አካውንታንት አለን፣ እኔ ለሱ አዘጋጅቼ ምሰጥ ነኝ እንጂ አካውንታንት ነኝ አልልም፣ ኤክሴሉንም ቪዲዮ እያየሁ ነው የተማርኩት።

ከኔ በፊት ሁሉም ነገር ደብተር ላይ ነበር። ጋሼ (አጎቴን እንደዛ ነው ምንጠራቸው) ላፕቶፑን ይዤ ስመጣ መጀመሪያ ያሉኝ ነገር "መብራት ሲሄድ ሂሳቡም አብሮ ሊሄድ ነው?" ነው፣ ኧረ ባትሪ አለው ጋሼ ስላቸው "ባትሪውስ አያልቅም? ደብተር ባትሪ ሚባል ነገር አያውቅም" ብለው ዘጉኝ።

መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን ላውራ። ኤክሴል ላይ ሌላ ምንም ባታውቁ ሰምኢፍስ ሚባለውን ፋንክሽን እወቁ። እኔ ስጀምር እንደማንኛውም ጀማሪ ለያንዳንዱ የዱቤ ደንበኛ አንድ አንድ ሺት ከፈትኩለት፣ አርባ ምናምን ሺት ሆነ፣ ሰው መጥቶ ሂሳቤን ንገረኝ ሲል ከታች ያሉትን ስሞች ወደ ቀኝ ወደ ግራ እየገፋሁ ስፈልግ ደንበኛው ቆሞ ይስቅብኛል፣ ደብተሩ በስንት ጣሙ። በኋላ ነው የገባኝ፣ ሁሉም ነገር አንድ ሺት ላይ ነው መውረድ ያለበት፤ ቀን፣ የደንበኛ ስም፣ እቃ፣ ብር፣ እና "ዱቤ" ወይ "ክፍያ" ሚል አንድ ኮለም፣ በቃ። ሌላ ሺት ላይ የደንበኞች ስም ብቻ ይደረደራል፣ ከጎኑ በሰምኢፍስ የዚህን ሰው ዱቤ ደምር ትሉታላችሁ፣ ቀጥሎ የዚህን ሰው ክፍያ ደምር፣ ሲቀናነስ እዳው ቁጭ ይላል። አንዴ ትጽፉታላችሁ፣ ከዛ ወደ ታች መጎተት ነው። አንድ ኮንትራክተር ያለብኝ 40 ሺህ ነው ብሎ ድርቅ ሲልብኝ ስሙን ፊልተር አርጌ ቆርቆሮውን፣ ሚስማሩን፣ ቀለሙን በየቀኑ ሳነብለት ገና ግማሽ ሳልደርስ "እሺ በቃ ስንት ነው" አለ፣ 63,450 ነበር። ለዚች ብቻ አምስት ኮከብ ይገባዋል።

ግን ኤክሴል አማርኛ አይሰማም፣ ፊደል ብቻ ነው ሚያየው። ፀሐይ፣ ጸሀይ፣ ፀሀይ ለኛ አንዲት ሴት ናት፣ ለሱ ሶስት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። እኔ ዱቤውን በ"ፀሐይ" መዝግቤያለሁ፣ እኔ የሌለሁ ቀን አንዱ የሱቁ ልጅ ክፍያዋን በ"ጸሀይ" አስገባ፣ የወሩ መጨረሻ ላይ ሴትየዋ ምንም ያልከፈለች ሆና ወጣች፣ እኔም ደውዬ በትህትና እዳዎት አልፏል አልኳቸው። "ልጄ፣ እኔ እኮ ያለፈው ማክሰኞ በእጅህ ሳይሆን በልጁ እጅ ከፍያለሁ" ሲሉኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ከመጀመሪያው ስም በእጅ እንዲጻፍ መተው አልነበረብኝም። መፍትሄው ዳታ ቫሊዴሽን ነው፣ ስሙ ከዝርዝር ይመረጣል እንጂ አይጻፍም፣ ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ ከገባ አይቀበልም። ድሮ ለገቡት ደሞ ሰብስቲትዩት ሚባለውን ፋንክሽን አንዱ ውስጥ አንዱን እየከተቱ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መቀየር ይቻላል፣ ትንሽ ያደክማል ምክንያቱም ሰባቱንም ድምፅ ለየብቻ ነው መንገር ያለባችሁ፣ ግን አንዴ ነው። ከስም ኋላ ሳይታይ ሚቀር ስፔስ አለ ደሞ፣ እሱን ትሪም ያጠፋዋል።

ስለ ድምር አንድ ነገር፣ ሰም በሚባለው መደመሪያ ፋንክሽን ውስጥ ከዚህ ሮው እስከዚህ ሮው ብላችሁ ከሰጣችሁት በኋላ ከስር አዲስ ሮው ስትጨምሩ ድምሩ አንዳንዴ ያካትተዋል አንዳንዴ አያካትተውም፣ ምንም ድምፅ ሳያሰማ። ይሄ የኛ የሱቅ ልጆች ስህተት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሬይንሃርት እና ሮጎፍ ሚባሉ ትላልቅ የሃርቫርድ ኢኮኖሚስቶች በ2010 ስለ መንግስት እዳ በጻፉት ጥናት ላይ አማካይ ሚያወጣው ፎርሙላ አምስት አገር ሳያካትት ቀርቷል፣ በ2013 ነው አንድ ተማሪ ፋይላቸውን ተቀብሎ ሲያይ ያገኘው። አምስት አገር ከረሱ እኔ አምስት ከረጢት ሲሚንቶ ብረሳ አይገርምም። ዳታውን መርጣችሁ ኮንትሮል ቲ ተጫኑና ወደ ቴብል ቀይሩት፣ ከዛ በኋላ ከስር የተጨመረ ሁሉ ራሱ ይገባል፣ ፎርሙላውም አብሮ ይወርዳል።

አሁን ወደ ጥቅምት 30 ልምጣ፣ ይሄን ሪቪው ያጻፈኝ እሱ ስለሆነ።

የኛ ሱቅ ሁሉ ነገር በኢትዮጵያ ቀን ነው፣ ደረሰኙም፣ ዱቤውም፣ በጀት አመቱም ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው። እኔም ቀኑን እንደወረደ አስገባሁ፣ 12/2/2017 ማለት ጥቅምት 12፣ ኤክሴልም ዝም ብሎ ተቀበለኝ፣ ወደ ቀኝ ተጠግቶ ቁጭ አለ፣ እኔም ቀን መሆኑን ያወቀ መሰለኝ። የወሩ ሽያጭ በሰምኢፍስ ይደመራል፣ ከ1/2 ጀምሮ ከ1/3 በፊት ያለውን። ጥቅምት ሲያልቅ የሽያጭ ማሽኑን የየቀኑን ዜድ ሪፖርት ደምሬ ከኤክሴሉ ጋር ሳስተያይ 86,400 ብር ይጎድላል። ሌሊት ስምንት ሰአት ድረስ እያንዳንዱን ሮው በጣቴ እየተከተልኩ አየሁ፣ ሁሉም አለ፣ አንድም ያልገባ ሽያጭ የለም። ጠዋት ላይ ነው በአይኔ ያየሁት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ቁጥሮች ወደ ግራ ተጠግተዋል። ሌላው ሁሉ ቀኝ ነው፣ 29/2 እና 30/2 ግን ግራ።

ገባችሁ? ኤክሴል 2ን ጥቅምት ሳይሆን ፌብሩዋሪ ነው ብሎ ነው ሚያነበው፣ ፌብሩዋሪ ደሞ 30 የለውም፣ በ2017 ደሞ 29ም የለውም፣ ስለዚ እነዛን ሁለት ቀናት "ይሄ ቀን ሳይሆን ጽሁፍ ነው" ብሎ እንደ ጽሁፍ ወደ ግራ አስጠግቶ አስቀመጣቸው፣ ሰምኢፍስ ደሞ በቀን ሲደምር ጽሁፍን ይዘላል። አልዋሸም፣ አልተበላሸም፣ የሱ ካላንደር ላይ የሌለ ቀን ሰጠሁት። ጳጉሜ ደሞ 13ኛ ወር ስለሆነች ጭራሽ ሙሉ በሙሉ ጽሁፍ ናት። ኮምፒውተራችሁ በአሜሪካ አቀማመጥ ከሆነ ወር ቀድሞ ስለሚነበብ ከዚህም ይብሳል፣ የካቲት 5 ብላችሁ 5/6 ስታስገቡ ሜይ 6 ይላል፣ የካቲት 20 ግን ጽሁፍ ይሆናል፣ ግማሹ ቀን ግማሹ ጽሁፍ።

ይሄ ብቻ አይደለም። ቀን ከቀን ስታቀናንሱም ይዋሻል። ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 1 አንድ ቀን ነው፣ ኤክሴል ግን ጃንዋሪ 30 እና ፌብሩዋሪ 1 አርጎ ስላነበበው ሁለት ቀን ነው ይላል። ዱቤ ስንት ቀን ቆየ ብላችሁ ምትቆጥሩ ከሆነ ቀስ በቀስ ይከማቻል። (ለነገሩ ኤክሴል በራሱም ካላንደር ላይ አንድ ጉድ አለበት፣ 1900 ፌብሩዋሪ 29 ያልነበረውን ዓመት ነበረው ብሎ ነው ሚቆጥረው፣ ሎተስ 1-2-3 ከሚባለው የድሮ የሂሳብ ፕሮግራም ጋር እንዲስማማ ተብሎ እስከዛሬ አልተነካም፣ ለኛ ሂሳብ ግን ምንም አያመጣም።)

የኔ መፍትሄ ይሄ ነው፣ የሚጠቅመው ካለ ይውሰደው። የኢትዮጵያን ቀን አንድ ሴል ውስጥ አታስገቡ፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብላችሁ ሶስት ኮለም ላይ ለየብቻ አስገቡ፣ ሁሉም ተራ ቁጥር ናቸው። አራተኛው ኮለም ላይ እንዲህ ይባላል፦ ዓመቱ በ365 ይባዛ፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ሙሉ ቁጥሩ ብቻ ይደመር (ሙሉ ቁጥሩን ሚያወጣው ኢንት ሚባለው ፋንክሽን ነው)፣ ወሩ ላይ 1 ተቀንሶ በ30 ተባዝቶ ይደመር፣ ቀኑ ይደመር፣ ከጠቅላላው 691164 ይቀነስ። የወጣውን ቁጥር ፎርማቱን ወደ ቀን ቀይሩት፣ የፈረንጁ ቀን ይመጣል። አለቀ። ሞክሩት፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ስትሉት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ይላችኋል፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ደሞ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፣ ልክ ነው፣ ምክንያቱም 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረች ጳጉሜ 6 ሆና ነበር። ሚሰራውም የኛ ካላንደር ንፁህ ስለሆነ ነው፣ አስራ ሁለቱም ወር 30፣ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን፣ ሌላ ጣጣ የለም፣ የፈረንጁን በዚህ መልክ በአንድ መስመር ልጻፍ ብትሉ እንዲህ አይቀልም። 691164ን ለማግኘት አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጅቶብኛል፣ እናንተ በነፃ ወሰዳችሁት። ቀን ምትቀንሱትም ወር ምትለዩትም በዚህ ነው፤ ለወር ድምር ደሞ የወሩንና የዓመቱን ኮለም ለሰምኢፍስ መስጠት ብቻ ይበቃል፣ ጥቅምት 30ም ጳጉሜም የትም አይሄዱም።

ደሞዝ ላይ ልሂድ። እዚህ ላይ ኤክሴል በጣም ጎበዝ ነው፣ እኔ ነበርኩ ሰነፍ። የደሞዝ ግብሩን ከሰው በኮፒ ያገኘሁት ፎርሙላ ነበር ሚሰራልኝ፣ ኢፍ ውስጥ ኢፍ ውስጥ ኢፍ፣ ሰባት ደረጃ፣ ስክሪኑን አቋርጦ ሚሄድ እባብ ነገር፣ ማንም አይከፍተውም፣ ይሰራል ይባላል ብቻ። በ2017 ክረምት አዲሱ የገቢ ግብር ማሻሻያ ሲወጣ እሱን ለማስተካከል ቅንፍ ስቆጥር አይኔ ጠፋ። ከዛ በኋላ ነው ሰንጠረዥ ሰርቼ በቪሉካፕ የቀየርኩት። አዲሱ እንዲህ ነው፣ እስከ 2,000 ነፃ፣ ከዛ እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ ተቀናሹ 300፣ እስከ 7,000 ድረስ 20 በመቶ ተቀናሹ 500፣ እስከ 10,000 ድረስ 25 በመቶ ተቀናሹ 850፣ እስከ 14,000 ድረስ 30 በመቶ ተቀናሹ 1,350፣ ከዛ በላይ 35 በመቶ ተቀናሹ 2,050። የየደረጃውን መነሻ (0፣ 2,000፣ 4,000 እያላችሁ) ከላይ ወደ ታች ደርድሩት፣ ከጎኑ በመቶውን፣ ከጎኑ ተቀናሹን። ቪሉካፕ ደሞዙን ይዞ ሄዶ የትኛው መደብ ውስጥ እንደወደቀ ያገኛል፣ ደሞዝ በመቶኛው ተባዝቶ ተቀናሹ ይቀነሳል። 12,000 ሚበላ ሰው 30 በመቶ 3,600፣ 1,350 ሲቀነስ 2,250 ግብር። በድሮው ቢሆን በ35 በመቶ ተሰልቶ 1,500 ሲቀነስ 2,700 ነበር፣ ማለት በወር 450 ብር ተረፈው። ጡረታ 7 በመቶ ከሱ 840፣ እጁ ላይ 8,910 ይደርሳል፣ ሱቁ ደሞ 11 በመቶ ከራሱ ይጨምራል። ሕጉ ድጋሚ ቢቀየር ሰንጠረዡ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ብቻ ቀይሬ ሻይ እጠጣለሁ።

ማስጠንቀቂያ፣ የቪሉካፕ የመጨረሻዋ ቦታ ላይ ምንም ካልጻፋችሁ "ተቀራራቢውን አምጣ" ብሎ ነው ሚወስደው። ለግብር ሰንጠረዥ ምንፈልገው ይሄን ነው፣ ለእቃ ዋጋ ግን መርዝ ነው፣ የሌለ የእቃ ኮድ ብታስገቡ የለም አይላችሁም፣ የጎረቤቱን እቃ ዋጋ ይሰጣችኋል። እኔ በአንድ የቧንቧ ኮድ የሌላ እቃ ዋጋ ወጥቶልኝ ሸጬበት አውቃለሁ፣ ለጋሼ እስካሁን አልነገርኩም። ለዋጋ ሁሌም የመጨረሻዋ ላይ ዜሮ አስገቡ። አዲሱ ኤክስሉካፕ ይሄን ችግር የለበትም፣ ካልተነገረው በስተቀር ትክክለኛውን ብቻ ነው ሚፈልገው፣ ወደ ግራም ያያል፣ ግን ኦፊስ 2016 እና 2019 ላይ የለም፣ ከ2021 ወይም ከ365 ጀምሮ ነው፣ እዚህ ሰፈር ደሞ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ያለው ምን እንደሆነ እናውቃለን።

ሳንቲም። በዴሲማል ሁለት ቤት እንዲያሳይ ስታረጉት ያሳያል እንጂ አይቆርጠውም፣ ከጀርባ ሙሉው ቁጥር አለ። ሰባት ሰው ደሞዝ ተደምሮ ከታች ያለው ጠቅላላ በእጅ ከተደመረው በ1 ሳንቲም ሲለይ ጋሼ ካልኩሌተራቸውን ዴስኩ ላይ አስቀምጠው ዝም ብለው ነው ያዩኝ። ራውንድ በሚባለው ፋንክሽን እያንዳንዱን ሰው ላይ ቁረጡት፣ ድምሩ ላይ አይደለም። ቫት ላይ ደሞ፣ 1,150 ብር ቫት ያለበት ዋጋ ከሆነ ለ1.15 ነው ሚካፈለው፣ 1,000 ይመጣል፤ 15 በመቶ ቀንሱ ሚል ሰው አይጠፋም፣ 977.50 ነው ሚያመጣው፣ ስህተት ነው።

ብድር ግን ሌላ ነው፣ ኤክሴል ሱቃችንን ያዳነው እዚህ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጋሼ ለእቃ ማስገቢያ 500,000 ብር ለመበደር ሁለት ቦታ ጠየቁ፣ ስማቸውን አልጠራም። ሁለቱም 17 በመቶ ለሶስት ዓመት ነው ያሉት፣ ጋሼም "እኩል ከሆነ ቅርብ ያለው ጋ እንሂድ" አሉ። የወር ክፍያውን ሚያሰላው ፒኤምቲ ሚባለው ፋንክሽን ሶስት ነገር ነው ሚፈልገው፣ የወር ወለድ፣ የወራት ብዛት፣ የብድሩ መጠን። እኔ መጀመሪያ 17 በመቶውን ለ12 ሳላካፍል አስገብቼ በወር 85 ሺህ ምናምን ክፈሉ አለኝ፣ ጋሼ ደነገጡ፣ እኔም ደነገጥኩ። ሲስተካከል በወር 17,826 ብር ገደማ ሆነ (በኔጋቲቭ ነው ሚወጣው፣ ከኪስ ስለሚወጣ ነው፣ አትደንግጡ)፣ በሶስት ዓመት ጠቅላላ ወለዱ 141,700 አካባቢ። አንደኛው ቦታ የሰጠን ወረቀት ከዚህ ጋር ገጠመ። ሁለተኛው፣ ቅርቡ፣ በወር 20,972 ይላል። 17 በመቶ አይደለም እንዴ ስንል "ነዋ፣ 500 ሺህ በ17 በመቶ በሶስት ዓመት 255 ሺህ" ብሎ በካልኩሌተር አሳየን ሰውየው፣ ማለት በየወሩ ከዋናው እየከፈልክ እየቀነሰ ቢሄድም ወለዱ ግን መጨረሻ ድረስ ከሙሉው 500 ሺህ ላይ ነው ሚታሰበው። ወለዱን ሚያሰላውን ሬት ሚባለውን ፋንክሽን ከፍቼ 36 ወር፣ 20,972 በኔጋቲቭ፣ 500,000 ስለው የወር ወለዱ 2.42 በመቶ ነው አለኝ፣ በ12 ሲባዛ በዓመት ወደ 29 በመቶ ሆኖ አረፈው። ልዩነቱ 113 ሺህ ብር። ጋሼ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና "ቅርብ ነው ማለት ለሱ ነው እንጂ ለኛ አይደለም" አሉ። ወለዱና ዋናው በየወሩ ስንት ስንት እንደሆነ ማየት ከፈለጋችሁ አይፒኤምቲ እና ፒፒኤምቲ አሉ፣ የመጀመሪያው ወር ላይ ከ17,826ቱ 7,083 ብር ወለድ ነው፣ የመጨረሻው ወር ላይ 250 እንኳን አይሞላም።

ቁጥር መስለው ቁጥር ያልሆኑ ነገሮች አሉ ደሞ። ስልክ 09 ብላችሁ ስታስገቡ ዜሮዋን ይበላል። 13 ዲጂት የባንክ አካውንት ስታስገቡ 1ኢ+12 አይነት ነገር ያሳያችኋል፣ ይሄ እንኳን ከጀርባ አልጠፋም፣ ፎርማቱን ስትቀይሩ ይመለሳል። ሚያስፈራው የፋይዳ ካርዱ 16 ዲጂት ነው፣ ኤክሴል ሚይዘው 15 ዲጂት ስለሆነ አስራ ስድስተኛዋን ዜሮ ያረጋታል፣ ይሄ አይመለስም፣ ፋይሉን ሴቭ ካረጋችሁ ጠፋ። ሳታስገቡ በፊት ኮለሙን ወደ ቴክስት ቀይሩ። ከባንክ ሚወርድ ስቴትመንት ላይ ደሞ ብሩ ቁጥር መስሎ ጽሁፍ ሊሆን ይችላል፣ ሰም ስታረጉት ዜሮ ይላል፣ ያኔ ቫልዩ በሚባለው ፋንክሽን ቀይሩት። አማርኛ ያለበት ሲኤስቪ ፋይል ደሞ ደብል ክሊክ አርጋችሁ ከከፈታችሁት ፊደሉ የተቃጠለ ይመስላል፣ አልተቃጠለም፣ ዳታ ሚለው ውስጥ ገብታችሁ አስመጡትና ዩቲኤፍ 8ን ምረጡ።

ጉግል ሺትስስ? ፋንክሽኖቹ ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው፣ ሰምኢፍስም ፒኤምቲም ኤክስሉካፕም አለ፣ የ691164ቷም ፎርሙላ እዛም ትሰራለች፣ በነፃ ነው፣ ፊልተርና ዩኒክ ሚባሉት ጥሩ ጥሩ ፋንክሽኖችም ያለ ክፍያ አሉ። የሰፈሩን እቁብ ያስገባሁት እሱ ላይ ነው፣ ሊንኩን ማየት ብቻ እንዲችሉ አርጌ ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት፣ ማን ከፈለ ማን ወሰደ ሁሉም በስልኩ ያያል፣ እቁብ ሰብሳቢውም ከጭቅጭቅ አረፉ። ማን ምን እንደቀየረም ከነሰአቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ይታያል፣ ይሄ ለብር ጉዳይ ትልቅ ነገር ነው። ኢንተርኔት ሲሄድ ግን፣ ኦፍላይን እንዲሰራ ቀድማችሁ ካላበራችሁት ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ፣ ሱቅ ላይ ደሞ ደንበኛ ፊት ለፊት ቆሞ ኔትወርክ መጠበቅ አይቻልም። ለሱቁ ኤክሴል፣ ለእቁቡ ሺትስ፣ እኔ ጋ የተለየው እንዲህ ነው። ሊብሬኦፊስም ነፃ ነው፣ ሁለት ሳምንት ሞክሬዋለሁ፣ ይሰራል፣ እጄ አልለመደውም እንጂ።

ሶፍትዌር ግዙ ለሚሉት፣ እቃው ሺዎች አይነት ከሆነ፣ ሁለት ሶስት ቅርንጫፍ ካለ፣ አራት ሰው በአንዴ ሚያስገባ ከሆነ አዎ ግዙ፣ አልከራከርም። ኤክሴል አንድ ሺት ላይ 1,048,576 ሮው ይይዛል ቢባልም እዛ ሳትደርሱ በፊት ላፕቶፑ ማልቀስ ይጀምራል። የድሮው አይነት ፋይል ደሞ (መጨረሻው ላይ ኤክስኤልኤስ ብቻ ሚለው) 65,536 ላይ ነው ሚያቆመው፣ እንግሊዝ በ2020 ወደ 16,000 የሚጠጋ የኮሮና ውጤት በወቅቱ ሪፖርት ሳይደረግ የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። ድሮ የተሰራ ፋይል ካላችሁ ሴቭ አዝ ብላችሁ ወደ አዲሱ ቀይሩት። እንደኛ ላለ ሱቅ ግን ይበቃል፣ ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ለጥቅምት 30 ነው።

ጋሼ ደብተራቸውን አልተዉም። ማታ ሱቅ ስንዘጋ እኔ ሺቱን፣ እሳቸው ደብተሩን ይዘን የቀኑን እናመሳክራለን። ባለፈው ሳምንት በ1,200 ብር ተለያየን፣ እኔም በሙሉ ልብ "ጋሼ አንድ ያስገቡት ነገር ሁለቴ ይሆናል" አልኳቸው፣ መነፅራቸውን አድርገው እንደገና ደመሩ፣ ያው ነው። ለካ ጠዋት የአንድ ደንበኛን ሂሳብ ለማየት ብዬ ያረግኩትን ፊልተር አስተካክዬ ሳልፈታው ቀርቼ፣ ድምሩን ሚያወጣው ደሞ ሰብቶታል ስለሆነ በፊልተር የተደበቀውን ሮው አይቆጥርም፣ አንዷ የቆርቆሮ ሽያጭ ከታች ተደብቃ ቁጭ ብላለች። ነገርኳቸው። "ደብተር ላይ ሚደበቅ ነገር የለም" አሉና ቁልፉን አንስተው በሩን ሊዘጉ ወጡ።